ዛፉ ሲንቀሳቀስ፦ ለዛፍ መረጃ ቀላል የመልእክት ፕሮቶኮል እንንደፍ

 

በዚህ እትም የትምህርት ገጻችን ሰርቨርና ክላየንት የሚነጋገሩበትን ቋንቋ፣ ማለትም ፕሮቶኮልን፣ ከባዶ ወረቀት ጀምረን እንነድፋለን። የሚተላለፈው መረጃ የዛፍ ቅርጽ ያለው ነው፤ ተጠቃሚው በስልኩ ቅርንጫፉን እየከፈተና እየዘጋ ያየዋል። ሥሩን ይነካል፣ ልጆቹ ይዘረዘራሉ፤ ከልጆቹ አንዱን ይነካል፣ የልጅ ልጆቹ ይመጣሉ። የኮምፒውተር ተማሪ ያልሆናችሁም አትሽሹ፤ ከመደመርና ከመቀነስ ያለፈ ሒሳብ የለበትም።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። አገር፣ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ የሚለው አስተዳደራዊ ዛፍ ይበቃናል። ይህን ዛፍ የመረጥነው ሁሉም ስለሚያውቀው ብቻ አይደለም። በእኛው አካባቢ ዛፉ በዓይናችን ፊት ስለተንቀሳቀሰ ነው።

ሐመርን እንውሰድ። ሐመር ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ነገር ግን በደርግ ዘመን የተጻፈ ወረቀት በጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ሥር ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈው በደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል፣ በደቡብ ኦሞ ዞን ሥር፤ የዛሬው ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር። የቀድሞው የደቡብ ክልል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ተከፍሏል፦ በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ወጣ፣ በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ምዕራብ ወጣ፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተለያዩ። ደቡብ ኢትዮጵያ ሲመሠረት አሪ ከደቡብ ኦሞ ተለይቶ የራሱ ዞን ሆነ፤ የአሪ ወረዳዎችና ጂንካ ከተማም ወደዚያ ተሻገሩ። ሐመር፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ በና ፀማይ፣ ሳላማጎ፣ ማሌ በደቡብ ኦሞ ቀሩ።

እንግዲህ ከመካከላችን ጂንካ ተወልዶ ያደገው ተማሪ የልደት ወረቀቱ አንድ ዞን፣ የመታወቂያው ወረቀት ሌላ ዞን ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በሆነ መስኮት ላይ ቆሞ «ያልከው ቦታ ዝርዝራችን ውስጥ የለም» የተባለ ሰው ግን ነገሩ የፕሮግራም ጉዳይ መሆኑን ማን ይነግረዋል? ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ዛፉ አይነቃነቅም ብሎ አስቦ ነበር። የዛሬው ትምህርታችን ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፦ ፕሮቶኮል ስንነድፍ ዛፉ የሚንቀሳቀስ መሆኑን ከመጀመሪያው መልእክት ጀምሮ እናስብበት።

ስም አይደለም፣ ቁጥር ነው

ኖድ የሚባለውን የዛፍ መገጣጠሚያ በዚህ ጽሑፍ አንጓ እንበለው፤ የሸንበቆ አንጓ እንደምንለው። ክላየንቱ አንድን አንጓ ሲጠይቅ በምን ይጥራው?

ብዙ ጀማሪ የሚመርጠው መንገዱን መጻፍ ነው፦ ደቡብ ክልል፣ ደቡብ ኦሞ፣ ደቡብ አሪ። ኮምፒውተራችን ላይ ፋይል የምናገኘው በዚህ ዓይነት ስለሆነ እጃችን ይለምደዋል። ግን መንገድ የሚነግረን አንጓው የት እንዳለ ነው፤ ማን እንደሆነ አይነግረንም። በ2015 የደቡብ አሪ መንገድ በሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ክልሉም ዞኑም ተለወጡ። መንገዱን እንደ መለያ ይዞ የቆየ ስልክ ሁሉ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሌለ ነገር ይጠይቃል ማለት ነው።

ስሙን ብቻ ብንይዝስ? እሱም አያዋጣም። 01 ቀበሌ የሌለው ከተማ አለ እንዴ? ደግሞ የፊደላችን ነገር አለ። ሐመር፣ ሃመር፣ ሀመር፤ በና ፀማይ፣ በና ጸማይ፤ ሳላማጎ፣ ሰላማጎ። ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱ ጸሐፊ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ከጻፈ ሰርቨሩ ሁለት ወረዳ አለ ብሎ ያምናል።

ስለዚህ እያንዳንዱ አንጓ ሲፈጠር ሰርቨሩ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው አይቀየርም፣ አንጓው ቢሰረዝ እንኳ ለሌላ አይሰጥም። ስምም ወላጅም የአንጓው ጠባዮች ናቸው እንጂ ማንነቱ አይደሉም። ቁጥሩ ውስጥ ትርጉም መክተት የሚወዱ አሉ፤ የመጀመሪያው አኃዝ ክልል፣ ቀጣዩ ዞን እያሉ። ያው መንገድ ነው፣ በአኃዝ የተጻፈ። ቁጥሩ ምንም አይናገር።

ከዚህ በታች የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች ሁሉ ለምሳሌ ያህል የተሰጡ ናቸው፦ 4 ክልሉ፣ 40 ደቡብ ኦሞ፣ 41 አሪ ዞን፣ 51 ሐመር፣ 57 ደቡብ አሪ።

ከሰላምታ እስከ ቅጠል

የምንጠቀመው ግንኙነት ቲሲፒ ነው። ቲሲፒ የላክነውን በቅደም ተከተሉ ያደርሳል፤ ነገር ግን መልእክት የሚባል ነገር አያውቅም። ለእርሱ ሁሉም ነገር የባይት ፈሳሽ ነው። በአንድ ጊዜ የላክነው ለሁለት ተከፍሎ፣ ሁለት ጊዜ የላክነውም ተጣብቆ ሊደርስ ይችላል። ድንበሩን የምናበጀው እኛ ነን። በጣም ቀላሉ ድንበር መስመር ነው፦ አንድ መስመር አንድ መልእክት፤ መስመሩ ሲያልቅ መልእክቱ አለቀ። ስም ውስጥ አዲስ መስመር እንዳይገባ ሰርቨሩ ይከለክላል።

እዚህ ላይ በአማርኛ ለሚሠራ ሰው አንድ ወጥመድ አለ። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ጂንካ ሦስት ፊደል ናት፣ ዘጠኝ ባይት ናት። ፈሳሹ የሚቆረጠው በባይት ስለሆነ ፊደል መሃል ላይ ሊቆረጥ ይችላል፤ ከ«ን» አንዱ ባይት ደርሶ ሁለቱ ገና መንገድ ላይ ይሆናሉ። የደረሰውን ወዲያው ወደ ፊደል የሚቀይር ፕሮግራም እዚያ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ምልክት ያወጣል። በእንግሊዝኛ ሲሞከር ግን አይታይም፤ ለዚያ ነው ብዙ ቦታ ሳይያዝ የሚያልፈው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ባይቱን ሰብስቡ፣ መስመሩ ሲሞላ ብቻ ወደ ፊደል ቀይሩ። የመስመር ርዝመት ላይ ገደብ ስታስቀምጡም በባይት ቁጠሩ።

አሁን ንግግሩን እንጀምር። ክላየንቱ እንዲህ ይላል፦

ሰላም 1

ሰርቨሩም ይመልሳል፦

ሰላም 1 812

1 የፕሮቶኮሉ እትም ነው። ነገ መልእክት ብንጨምር የድሮ ስልክ ከአዲስ ሰርቨር ጋር እንዳይደናቆር ከመጀመሪያው ይተዋወቃሉ። 812 ምን እንደሆነ ትንሽ ቆይተን እናያለን። (ሰላምታ አቅርቦ መልስ መጠበቅ እኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም፤ የመሐንዲሶቹ ፕሮቶኮል ከዚህ ቢጀምር አይገርመንም።)

ቀጥሎ ተጠቃሚው ደቡብ ኦሞን ይነካል፦

ክፈት 7 40

ትርጉሙ «ይህ ሰባተኛው ጥያቄዬ ነው፤ የ40ን ልጆች ስጠኝ» ነው። ሰርቨሩ ይመልሳል፦

ልጆች 7 40 812 11
አንጓ 51 35 ሐመር
አንጓ 57 30 ደቡብ አሪ

እያለ 11ዱን ይዘረዝራል። በአንጓው መስመር ላይ መጀመሪያ መለያ ቁጥሩ፣ ከዚያ የልጆቹ ብዛት፣ መጨረሻ ላይ ስሙ ይመጣል። ስሙ መጨረሻ የሆነው በውስጡ ክፍተት ቢኖርም መስመሩ እንዳይምታታ ነው። የልጆቹ ብዛት የተጨመረበት ምክንያት ደግሞ ስልኩ ከስሙ ጎን የመክፈቻ ምልክት ማሳየት አለማሳየቱን ሳይከፍት እንዲያውቅ ነው። ልጅ የሌለውን ቅጠል የመክፈቻ ምልክት ካደረግንበት ተጠቃሚው ነክቶ ባዶ ያገኛል፤ ያናድዳል።

የጥያቄው ቁጥር መልሱ ላይ የተደገመው ለምንድን ነው? ተጠቃሚ ትዕግሥት የለውም። ደቡብ ኦሞን ነክቶ መልስ ሳይመጣ ጋሞን ይነካል። ሰርቨሩ ለሁለተኛው ቀድሞ ሊመልስ ይችላል። 7 እና 8 ባይኖሩ ክላየንቱ የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደመጣ በግምት ይሄዳል።

ለምን ሙሉውን ዛፍ አንዴ አንልክም የሚል ይኖራል። እናስላው። በአገራችን ከአሥር ሺህ በላይ ቀበሌዎች አሉ። ለአንድ አንጓ መቶ ባይት ብንይዝ ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ባይት፣ ማለትም ስምንት ሚሊዮን ቢት ይሆናል። በሰከንድ መቶ ሺህ ቢት በሚያሳልፍ ደካማ መስመር ላይ ሰማንያ ሰከንድ ይወስዳል፤ ያውም መሃል ላይ ካልተቋረጠ። 11 ልጆችን ብቻ ለመላክ ግን አንድ ሺህ አንድ መቶ ባይት ይበቃል፤ በዚያው መስመር ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ አይበልጥም። ዋይፋይ ያለበት ላብራቶሪ ውስጥ ሁለቱም እኩል ይመስላሉ። ኦሞራቴ ላይ ሆኖ የጥቅል ብር ለሚቆጥር ሰው ግን እኩል አይደሉም።

ለውጥ ሁሉ ተራ ቁጥር አለው

እስካሁን ያየነው ጠያቂና መላሽ ነው። ዛፉ በሌላ ሰው እጅ ሲለወጥስ? ሰርቨሩ ሳይጠየቅ መናገር አለበት። አራት ዓይነት ዜና ብቻ አለው፦ ታከለ፣ ተሰየመ፣ ተሰረዘ፣ ተዛወረ። እያንዳንዱ ዜና ከቀደመው በአንድ የሚበልጥ ተራ ቁጥር ይይዛል። ሰላምታው ላይ ያየነው 812 «እስካሁን 812 ለውጦች ተደርገዋል» ማለት ነው።

ታከለ 813 4 41 0 አሪ ዞን

ለውጥ 813፦ በ4 ሥር አንጓ 41 ተፈጥሯል፣ ልጅ ገና የለውም፣ ስሙ አሪ ዞን ነው።

ተራ ቁጥሩ ዋጋውን የሚያሳየው መስመሩ ሲቋረጥ ነው። እዚህ ጂንካ መብራት ሲሄድ፣ ኔትወርክ ሲጠፋና ሲመጣ የኖርን ሰዎች መቋረጥን እንደ አልፎ አልፎ ነገር አናየውም። ቲሲፒ ታማኝ የሚሆነው ግንኙነቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ግንኙነቱ ከሞተ በኋላ የላክነው የመጨረሻው መስመር ይድረስ አይድረስ አናውቅም። ስልኩ እንደገና ሲገናኝ እንዲህ ይላል፦

ቀጥል 815

ሰርቨሩም ከ816 ጀምሮ ያለውን ይልካል። መድረሳ የተማርን ሁሉ ይህን እናውቀዋለን። ሒፍዛችንን ኡስታዝ ፊት ስናሰማ መሃል ላይ ብንቋረጥ ኡስታዙ ከሱራው መጀመሪያ ጀምሩ አይለንም፤ «የት ደርሰህ ነበር?» ብሎ ከቆምንበት አንቀጽ ያስቀጥለናል። ይህ የሚቻለው ግን ሁለታችንም ቅደም ተከተሉን ስለምናውቅ ነው። ስልኩ ለብዙ ወራት ጠፍቶ ከቆየና ሰርቨሩ የዚያን ዘመን ዜናዎች ካስወገደ መልሱ «አዲስ» የሚል አንድ ቃል ይሆናል፤ ያኔ ስልኩ የያዘውን ጥሎ ከሥሩ ይጀምራል።

ለውጡን ለማን እንላክ የሚለው ላይ መጻሕፍቱ ብዙ ይላሉ። ክላየንቱ የከፈተውን ብቻ ይስማ፣ ሲዘጋ ሰርቨሩ ይርሳው የሚል አሠራር አለ። በየሰከንዱ ለሚለወጥ ዛፍ ትክክል ነው። የእኛ ዛፍ ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚለወጠው። ስለዚህ ሁሉንም ለውጥ ለሁሉም እንልካለን፤ የማይመለከተው ያልፈዋል። ይህ ስንፍና ይመስላል፣ ግን ትልቅ ጥቅም አለው። ሁሉም ሰው ሁሉንም ቁጥር የሚሰማ ከሆነ ከ815 በኋላ 817 የሰማ ስልክ 816 እንዳመለጠው ወዲያው ያውቃል። እየመረጥን ብንልክ ግን በቁጥሮቹ መካከል ክፍተት መኖሩ የተለመደ ስለሚሆን የጠፋውና ያልተላከው አይለይም።

አሪ ሲሻገር

አሁን ወደ ከባዱ ደረስን። ደቡብ አሪን ከ40 ወደ 41 እናዛውር።

ብዙ ፕሮግራመር ይህን በሁለት መልእክት ይሠራዋል፦ ከ40 ተሰረዘ፣ በ41 ታከለ። ስክሪን ላይ ውጤቱ አንድ ይመስላል። ግን በሁለቱ መካከል ደቡብ አሪ የትም የለም። ግንኙነቱ እዚያ ላይ ቢቋረጥ ስልኩ ዳግም እስኪገናኝ ድረስ ወረዳው ከነቀበሌዎቹ ከአገሪቱ ካርታ ጠፍቷል። ከዚህም የከፋው፣ «ተሰረዘ» የሰማ ክላየንት ከአንጓው ጋር ያያያዘውን ሁሉ ይጥላል፦ የተከፈቱትን ቀበሌዎች፣ የተመረጠውን መስመር፣ ተጠቃሚው የጻፈውን ማስታወሻ። ቆይቶ የሚታከለው ለእርሱ እንግዳ ነው። መዛወር ሞትና ልደት አይደለም፤ ስለዚህ የራሱ ቃል ይገባዋል፦

ተዛወረ 814 57 40 41 30 ደቡብ አሪ

ለውጥ 814፣ አንጓ 57፣ ከ40፣ ወደ 41፣ ልጆቹ 30፣ ስሙ ደቡብ አሪ።

ስሙና የልጆቹ ብዛት ለምን ተደገመ? ስልኩ 57ን ያውቀው የለ? ሁልጊዜ አያውቀውም። ይህን መልእክት የሚሰሙ አራት ሰዎችን እናስብ።

አንደኛዋ ደቡብ ኦሞንም አሪ ዞንንም ከፍታለች። የእርሷ ስልክ 57ን ከነቅርንጫፉ አንሥቶ አዲሱ ወላጅ ሥር ያስቀምጠዋል፤ የተከፈቱት ቀበሌዎች እንደተከፈቱ ይቆያሉ።

ሁለተኛው ደቡብ ኦሞን ብቻ ከፍቷል። አሪ ዞን ስሙ ይታየዋል እንጂ አልተከፈተም። ስልኩ 57ን ከ40 ዝርዝር ያወጣል፣ የ40ን ልጆች ቁጥር በአንድ ይቀንሳል፣ የ41ን በአንድ ይጨምራል። 41 ሲፈጠር ልጁ 0 ስለነበር የመክፈቻ ምልክት አልነበረውም፤ አሁን ሊኖረው ይገባል። ይህችን መደመር የረሳ ፕሮግራም አሪ ዞንን ለዘላለም ቅጠል አድርጎ ያስቀረዋል፤ ሰውየው መክፈት አይችልም፣ ምን እንደጎደለም አያውቅም። ደግሞ ሰውየው በዚያች ቅጽበት ከደቡብ አሪ ቀበሌዎች አንዱን እያነበበ ቢሆንስ? ከጣቱ ሥር ብድግ ብሎ መጥፋት የለበትም። በእኛ አስተያየት ስልኩ አሪ ዞንን ራሱ ከፍቶ ሰውየውን ወደዚያ ይውሰደው፤ «ተዛውሯል» የሚል አጭር ቃልም ያሳየው።

ሦስተኛዋ አሪ ዞንን ከፍታለች፤ ደቡብ ኦሞን ከፍታ አታውቅም። ለእርሷ ስልክ 57 ማለት ዛሬ የሰማችው ቁጥር ነው። መልእክቱ ቁጥሩን ብቻ ቢይዝ ባዶ መስመር ታያለች። ስምና ብዛት የተደገመው ለእርሷ ነው።

አራተኛው ሐረር ላይ ሆኖ ሌላ ክልል ያያል። ሁለቱንም ወላጆች አያውቃቸውም። ተራ ቁጥሩን 814 ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላውን ያልፈዋል። ነገ ሲከፍት ትክክለኛውን ያገኛል።

አምስቱም፣ ማለትም አራቱ የአሪ ወረዳዎችና ጂንካ ከተማ፣ ከ814 እስከ 818 በዚህ መልክ ይሻገራሉ። መጨረሻ ላይ 40 ስድስት ልጆች፣ 41 አምስት ልጆች አሏቸው። ድምሩ 11 ነው፤ ማንም አልጠፋም።

አንድ ስውር ችግር አለ። ሰርቨሩ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ የሚሠራ ከሆነ የ«ልጆች» መልስ ከዜናው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ስልኩ ገና 815 ላይ እያለ የ41 ልጆች ዝርዝር ከነ816፣ 817 እና 818 ውጤት ይደርሰዋል። ከዚያ 816 ሲመጣ የገባውን ወረዳ እንደገና ያስገባዋል፤ አንዱ ወረዳ ሁለት ጊዜ ይታያል። በ«ልጆች» መስመር ላይ ያስቀመጥነው ተራ ቁጥር ለዚህ ነው። እያንዳንዱ የተከፈተ አንጓ ዝርዝሩ የስንተኛው ለውጥ እንደሆነ ያስታውሳል፤ ከዚያ ያነሰ ወይም እኩል ቁጥር ያለው ዜና ለዚያ አንጓ አይሠራም። መዛወር ሁለት ወላጆችን ስለሚነካ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ይመርመር፤ ለ41 ያረጀ ዜና ለ40 አዲስ ሊሆን ይችላልና።

እሺ እና እምቢ

ዛፉን መለወጥ የተፈቀደለት ሰው ጥያቄውን እንዲህ ይልካል፦

አዛውር 9 57 41

መልሱ «እሺ 9 814» ወይም «እምቢ 9» ከነምክንያቱ ነው። የሚወስነው ሰርቨሩ ብቻ ነው፤ ክላየንቱ «ተፈቅዶልኛል» ስላለ አይታመንም።

እምቢ ከሚያሰኙት ምክንያቶች አንዱን እንይ። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። አንዱ ጂንካ ከተማን በደቡብ አሪ ሥር፣ ሌላኛው ደቡብ አሪን በጂንካ ከተማ ሥር ያደርጋል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው ሲታይ ስህተት የለበትም። ሁለቱም ከተፈጸሙ ግን አንዱ የሌላው ወላጅ፣ ሌላውም የዚያው ወላጅ ይሆናል፤ ሁለቱም ተያይዘው ከዛፉ ይበጠሳሉ፣ ከሥሩ ተነሥቶ የሚደርስባቸው የለም። ስለዚህ ሰርቨሩ ማንኛውንም መዛወር ከመቀበሉ በፊት ከአዲሱ ወላጅ ተነሥቶ እስከ ሥሩ ይወጣል፤ መንገድ ላይ የሚዛወረውን አንጓ ራሱን ካገኘ እምቢ ይላል። ዛፋችን አምስት እርከን ስለሆነ ይህ አምስት እርምጃ እንኳ አይሞላም። ትእዛዞቹን አንድ በአንድ መፈጸም ግን ግዴታ ነው።

ሌላው የድግግሞሽ ነገር ነው። በስልክ ገንዘብ ስንልክ ኔትወርኩ ሄዶ «ደረሰ ወይስ አልደረሰም?» ብለን የቀረንበትን ጊዜ አስታውሱ። ደግመን ብንልክ ሁለት ጊዜ ይሄድ ይሆናል፤ ባንልክ ጨርሶ ያልሄደ ይሆናል። «ጨምር» የሚል ጥያቄ ልኮ መልስ ሳያገኝ የተቋረጠ ክላየንትም እዚያው ላይ ነው። ደግሞ ከላከ ሁለት ቀበሌ ሊፈጠር ነው። መድኃኒቱ የጥያቄ ቁጥሩ ነው፦ ክላየንቱ ሲደግም በዚያው ቁጥር ይደግም፤ ሰርቨሩ የእያንዳንዱን ተጠቃሚ የቅርብ ጊዜ ጥያቄዎችና የሰጣቸውን መልሶች ይያዝ። የተሠራ ቁጥር ሲመጣ እንደገና አይሠራውም፤ የበፊቱን መልስ ይደግመዋል። ስለዚህ የጥያቄ ቁጥር ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ከ1 እንዳይጀምር መቀመጥ አለበት።

የመጨረሻዋ መልእክት በጣም ትንሿ ናት። መብራት ድንገት ሲጠፋ ማንም «ደህና ሁን» ብሎ አይሄድም። ቲሲፒም ዝም ካልን ዝም ይላል፤ ወዲያኛው ወገን መሞቱን ሳናውቅ ብዙ ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በየሠላሳ ሰከንዱ አንዱ «አለህ» ይላል፣ ሌላው «አለሁ» ይላል። ሁለት ጊዜ መልስ ከጠፋ ግንኙነቱ ተቋርጧል ብለን ዘግተን እንደገና እንሞክራለን። ዳግም ሙከራውን ደግሞ እያራቅን እናድርገው፤ አንድ ሰከንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያልን፣ ከትንሽ የዕድል ጭማሪ ጋር። መብራት ሲመጣ ሁሉም ስልክ በአንድ ሰከንድ ሰርቨሩን ቢያንኳኳ እሱም ይወድቃል።

የድሮው ወረቀትስ?

መስኮቱ ላይ የቆመውን ሰው አልረሳነውም። ወረቀቱ «ደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል፣ ደቡብ ኦሞ ዞን፣ ደቡብ አሪ ወረዳ» ይላል። ዛሬ በዚህ መንገድ የሚገኝ አንጓ የለም። ሰርቨሩ ግን የለውጥ መዝገቡን ከነቀኑ ካስቀመጠ አንድ ጥያቄ መጨመር ይበቃል፦ ይህን መንገድ በዚህ ቀን ማን ነበር? መዝገቡን እስከዚያ ቀን ድረስ አንብቦ መንገዱን ሲከተል 57ን ያገኛል። 57 ዛሬ የት አለ? በ41 ሥር። የድሮው ወረቀትና የዛሬው ዝርዝር በአንዲት ቁጥር ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ለስልኮቹ የምንልከውን ዜና ብንቀንስም፣ ሰርቨሩ የራሱን መዝገብ ፈጽሞ አይሰርዝ።

ይህን ሁሉ በፓይተን መሥራት የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው። መልእክቶቹ ተራ መስመሮች ስለሆኑ ክላየንቱን ሳትጽፉ በቴልኔት ገብታችሁ በእጃችሁ ሰላም 1 ብላችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ስትሞክሩ ዋይፋዩን መሃል ላይ አጥፉት፤ ደጋግማችሁ አጥፉት። በአማርኛ ስሞች ሞክሩ፤ በእንግሊዝኛ ሞክሮ ሠርቷል ማለት ምንም ማለት አይደለም።

ለቀጣዩ እትም ጥያቄ ትተንላችኋል። ዎባ አሪ እና ባካ ዳውላ አሪ ከነባሮቹ የአሪ ወረዳዎች ተከፍለው የወጡ ናቸው። አንድ ወረዳ ለሁለት ሲከፈል የድሮውን ቁጥር ማን ይያዝ? ትልቁ ክፍል? ስሙን ይዞ የቀረው? ወይስ የድሮው ቁጥር ይዘጋና ሁለቱም አዲስ ቁጥር ያግኙ? አራቱ ዜናዎቻችን ይበቃሉ፣ ወይስ «ተከፈለ» የሚል አምስተኛ ያስፈልጋል? መልስ ስትጽፉ ከመከፈሉ በፊት የተጻፈ ወረቀት ይዞ የሚመጣውን ሰው እያሰባችሁ ይሁን፤ የተወለደባት ቀበሌ ዛሬ በየትኛው ወገን እንዳለች ፕሮቶኮላችሁ ሊነግረው ይገባል። የተሻሉትን መልሶች ከነምክንያታቸው በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ እናወጣለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።